የእትዬ አስካለ ወረቀቶች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ትንሽም በራሳችን እናደዳለሁ።

እትዬ አስካለ፣ ካርልተን በሚባለው ሰፈር ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ሜልበርን ውስጥ ሐበሻ በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነው የመጡት። ወጣት ሳሉ ከባለቤታቸው ጋር ከጎንደር ተነሥተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን በእግራቸው ተጉዘዋል። በረሃው ብዙ ሰው እንደበላ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ባለቤታቸው የሚያወሩት ግን ሁልጊዜ እንዳለ ሰው ነበር። «ታደሰ ሽሮ አይወድም፣ ታደሰ ብርድ አይችልም» ይላሉ። እኛም ጥሏቸው ሌላ አግብቶ ይሆናል ብለን ገመትን። ጨዋ ነንና አልጠየቅናቸውም፤ ከጀርባቸው ግን አምተናል።

አንድ ቤተ መጻሕፍት ቀደምት ስደተኞች የግል ወረቀቶቻቸውን እንዲሰጡት ጠየቀ። እትዬም ፈቀዱ። የሥራ ሺፍቴን ቀይሬ ከምኖርበት ከሆፐርስ ክሮሲንግ መጣሁና በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ሹፌርም አስተርጓሚም እኔው ነበርኩ።

ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል፤ የሱዳኑ መጠለያ ጣቢያ የራሽን ካርድ፣ የጉዞ ሰነድ፣ ላብ ያወየበው የባለቤታቸው የመምህርነት መታወቂያ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ወጣት ፈረንጅ ናት። መታወቂያውን ቀስ ብላ አነሣችና ፎቶውን አየች። ከዚያ፣ «ይህ ሰው አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። በእኛ ወግ እንዲህ ፊት ለፊት አይጠየቅም። ሳልተረጉመው ላልፈው ሳስብ እትዬ ራሳቸው መለሱላት።

«ሂ ዳይድ። ኦን ዘ ሮድ።» መንገድ ላይ ሞተ ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ውሃ አልቆብን ነው፣ ልጄ። ሰዎቹ ‹ተነሺ፣ እንሂድ› አሉኝ። አልቅሼ እንኳ አልጨረስኩም።»

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«መርዶ ሰው መጥቶ ይነግርሻል እንጂ አንቺ እየዞርሽ ትናገሪያለሽ? የሚያውቁት አብረውኝ የተጓዙት ናቸው፤ እነሱም ተበተኑ። የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ይኸው አረጀሁ።»

ልጅቷ አማርኛው ባይገባትም ነገሩ ገብቷታል። መታወቂያውን ኮፒ አደረገችና ዋናውን «ይህ የእርስዎ ነው» ብላ በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

የሰማሁትን ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ነገርኳቸው። ቅዳሜ ዕለት ከታርኔትም ከሌላውም ሰፈር ተጠራርተን፣ ምግብ ይዘን ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ሊፍቱ አልበቃን ብሎ በየተራ ወጣን። በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተቀምጠዋል፤ መታወቂያው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። «ጌታ ያጽናናዎ» ስንላቸው ዛሬ መርዶ እንደተረዳ ሰው አለቀሱ። እኛም በሐሜታችን እያፈርን አብረናቸው አለቀስን።

በኋላ አንድ ሽማግሌ «እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። ያን ጊዜ እትዬ ማውራት ጀመሩ። እንዴት እንደተጫጩ፣ ተማሪዎቹ እንዴት ይወዱት እንደነበር፣ በረሃው ውስጥ ሰው እንዳይፈራ እየቀለደ ይሄድ እንደነበር። አንዴም እየሳቁ አወሩ። ፎቶውን እያዩ ደግሞ «አብረን ብናረጅ ምን ይመስል ነበር? አሁን እኮ ልጄ ነው የሚመስለው» አሉ።

ስንሰናበታቸው እጄን ያዙኝ። «ነገም ትመጣላችሁ አይደል? ለቅሶ እኮ ሦስት ቀን ነው» አሉኝ። እሑድ ሥራ ነበረኝ፤ ከሥራ ቀርቼ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ሰኞም ሄድኩ።

ጋሽ ታደሰ በዚያ ፎቶ ላይ ከእኔ የሚያንሱ ልጅ ናቸው፤ «ጋሼ» ስል አፌን ይይዘኛል። በሕይወት አይቻቸው አላውቅም። ግን ይናፍቁኛል።