ጭሮ ላይ የካድኩት ስም

ከሚኤሶ የተነሳነው ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ልጄ ሊዲያ ኮምፒውተር ትማራለች። ጭሮ ላይ ሃካቶን የሚሉት ነገር አለ አለችኝ፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎችና ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው በሁለት ቀን አንድ ነገር ሠርተው የሚያሳዩበት። ለቡድኗ የሟች እናቴን ሙዳይ ፈለገች። አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው እዚያ ምን እሠራለሁ? ግን በዚያ ሰሞን በሁከቱ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋ ነበር። ብቻዋን አልለቃትም ብዬ ተከተልኳት።

ሚኒባሱ ሠላሳ ብር ነው። የደረቀውን ማሽላ አልፈን ዳገቱን ስንይዝ አየሩ ቀዘቀዘ። ፍተሻ ላይ አስወርደው መታወቂያ ሲያዩ ሙዳዩን በነጠላዬ ሸፈንኩት። አጠገቤ የነበሩ ጫት ነጋዴ እናት፣ "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ! ሙዳይ ይዞ የታሰረ ሰው የለም" ብለው ሳቁብኝ።

ጭሮ፣ ሦስት ሰዓት

ከጠረጴዛው ወዲህ ሊዲያና አብዲ የሚባል፣ ከላፕቶፑ ዓይኑን የማይነቅል ልጅ፤ ከወዲያ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ወፍራም ደብተር የያዙ አጥኚ ሴትዮ። የሚሠሩት፣ የሙዳዩን ፎቶ ሲነኩት የሰፋችው ሴት ስም እንዲወጣ ነው።

"አያቴ ናት" አለች ሊዲያ።

"ስትሰፋ አይተሻል?"

"አልተወለድኩም።"

"እንግዲያው ያየ ሰው ይንገረኝ።" ሴትዮዋ እስክሪብቶ አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። "እትዬ፣ ማን ሰፋችው?"

እስክሪብቶውን አየሁት። ድሮ ወንድሜን ከቤት ወስደው ያሰሩት ሰዎችም መጀመሪያ ስም ነበር የጻፉት።

"አላውቅም። ከበደሳ ከተማ ገበያ ነው የገዛሁት።"

"እማ!"

የሊዲያን እግር በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት።

"ተይ እንጂ ሊዲያ፣ የገበያ ዕቃ ይዘሽብን መጣሽ?" አለ አብዲ። ልጄ አንገቷን ደፋች።

ያን ሌሊት በአንዲት የእምነት እህታችን ቤት አደርን። ሊዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ሥራቸውን አሳዩ። ሌላው ቡድን ፎቶ ሲነካ ስም ወጣ፤ ሰዉ አጨበጨበ። የእናቴ ሙዳይ ግድግዳው ላይ በር አክሎ ታየ። ሥሩ፣ "ሠሪዋ ያልታወቀች" ይላል። ፊደል ቆጥሬም ቢሆን አነበብኩት። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተጠራም። ስሙ የሚፈለገው ለዚህ ብቻ ነበር።

ሮጬ ሄድኩ። "እናቴ ናት የሰፋችው! ዋሽቼ ነው!"

"ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ነው" አለ አብዲ።

ሴትዮዋ ደብተሩን ዘጉት። "እትዬ፣ ትናንት ሌላ ብለውኛል። የቱን ልመን? እንዲህ ያለ ቃል አልመዘግብም።" በክፋት አልነበረም፤ ሥራቸው ነው። ያ ነው የባሰብኝ።

ወደ ቤት

ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ሚኤሶ መግቢያ ስንደርስ ሊዲያ ሙዳዩን ከጭኔ አነሳችው። ከዚያ፣ "እማ፣ የሞተች ሴት ማን ያስራታል?" አለችኝ።

ልጄን ልጠብቅ ሄጄ እናቴን አላውቃትም ብዬ ተመለስኩ። ጉዞው ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ ፍርሃቴ ማንንም አላዳነም።

ሙዳዩን የሰፋችው እናቴ አስካለ ናት። ስትሰፋ አይቻለሁ። ስንደዶውን እያራስኩ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።