ጠበል የሞላው ኮዳ

አምስት ነበርን። ከወግዲ በላይ ባለችው ኮረብታ ጫፍ ላይ ጥጋቡ ከመትረየሱ ጋር በቀኝ፣ ታደሰ በግራ፣ አስር አለቃ መርሻ በመካከል ከትልቁ ድንጋይ ኋላ። እኔ የሕክምና ቦርሳዬን ይዤ ከመርሻ ዝቅ ብዬ። ሰይድ ብቻውን ከታች፣ ከሸለቆው አፍ ላይ ቃፊር ነበር።

መርሻ ጾመኛ ነበር፤ ጾመኛነቱንም ማንም እንዲረሳበት አይፈልግም። ከሳምንት በፊት ታደሰ፣ እስላሙ ሰይድ ካረደው በግ በልቶ ነበርና መርሻ ከገበታችን አስወጣው።

«ካህን ጠበል ሳይረጭህ ከእኛ ጋር እጅህን አትሰድም።»

«አስር አለቃ፣ በጉ ሃይማኖቱን አልነገረኝም» አለ ታደሰ። ከዚያ ወዲያ ከሰይድ ጋር በላ።

ጎህ ሲቀድ ጠላት ከታች ተኩስ ከፈተብን። መልስ ሰጠን። ፀሐይ ስትወጣ ጋብ አለ። ያኔ ሰይድን ሰማነው።

«ውኃ! በአላህ፣ ውኃ!»

እግሩን ተመትቷል። ሁላችንም መርሻን አየነው። ማተቡን ያዘ። «እንጸልይለት» አለ።

«እሱ የጠየቀው ውኃ ነው» አለ ጥጋቡ።

«ከወረድን እናልቃለን። እግዚአብሔር ያውቅለታል።»

«እግዚአብሔርማ አውቆለት ነው እኛን እዚህ ያስቀመጠን» ብሎ ታደሰ ወረደ።

ጥጋቡ በመትረየስ ሸፈነው። ታደሰ ሰይድን አዝሎ ዳገቱን ወጣ። ከድንጋዩ ኋላ አስተኝቶት ቀና ሲል ደረቱን ተመታ። እዚያው ሞተ።

የሰይድን እግር አሰርሁ። ብዙ ደም ፈስሶታል፤ ካልጠጣ አይተርፍም። ውኃ የቀረው በመርሻ ኮዳ ብቻ ነበር።

«ጠበል ነው» አለኝ መርሻ። «ላልተጠመቀ አይሆንም።»

ታደሰ ከመርሻ እግር ሥር ተዘርግቷል። ኮዳውን ከአስር አለቃው ወገብ ፈታሁት። አልታገለኝም፤ ለዚያም እንኳ ወኔ አልነበረውም። ሰይድ ጠጣ።

«አላህ ይስጥሽ፣ እታለም» አለ።

ከአምስታችን አንድ ሞተ። ታደሰ ጦርነቱን አላስቆመም። ሰይድ ግን ዛሬ ከላላ ላይ ያርሳል፤ የልጅ ልጅም አይቷል። እዚህ መካነ ሰላም ከተማ ስለ ክርስቲያን በጎነት ብዙ ሲነገር እሰማለሁ፤ ተናጋሪዎቹ ድምፃቸው መርሻን ይመስላል። የአንድ ሰው ደግነት ለዓለም ምን ይጠቅማል ለሚሉኝ ልጆች የማውቀው ይህን ያህል ነው። ክርስቶስ «ተጠምቼ ነበር» ሲል፣ ማን ይጠጣ ማን አይጠጣ ብሎ አልለየም።

በዚያ ማለዳ መርሻ ለታደሰ ጸሎት እናድርስ ብሎ ቆመ።

«አስር አለቃ፣ እርስዎ ያድርሱ» አለው ጥጋቡ። «ሲጨርሱም መቃብሩን ይቆፍሩ።»

ሰይድን በብርድ ልብስ አነሳነው። ጥጋቡ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በኮረብታው ጀርባ ወረድን።