ለመንገዱ የተመለሰ ወንፈል

ዝናብ ካባራ በኋላ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ጓሮ ሳልፍ የራሰ ገለፈት፣ ከሩዙ የሚወልቀው ቅርፊት፣ ሽታ ይቀበለኛል። ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ እኔን ግን ይዞኝ ወደ ትምህርት ቤታችን መንገድ ይመለሳል፤ እኅቴ ደብሬ እዚያ ገለፈት ውስጥ እስከ ደረቷ ስትሰጥም ያየሁበት ጠዋት ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ቤታችን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከቁሐር ሚካኤል ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ከመንደራችን ወደ ትምህርት ቤቱም ሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ አንድ ሲሆን፣ ረባዳውን አቋርጦ፣ ከሩዝ ማሳዎቹ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ ተሻግሮ ያልፍ ነበር። ደብሬ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ በሕፃንነቷ ታማ አንድ እግሯ ቀጥኖ ስለ ቀረ በምርኩዝ ነበር የምትሄደው፤ አንደበቷ ግን ምርኩዝ አያሻውም ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሜዳው ገና ውኃውን አልጠጣም፤ ስለዚህ እናቴ ደብሬን በጀርባዋ አዝላ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ጭቃውን በእግሯ ጣት እየዳሰሰች ታሻግራት ነበር፤ እኔ የሁለታችንን መጻሕፍት በፌስታል ጠቅልዬ በራሴ ላይ አድርጌ ከኋላ እከተላለሁ። በጋ ሲገባ ደግሞ ያ ጥቁር ዋልካ ደርቆ ይሰነጣጠቅና፣ ምርኩዟ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ይጥላት ነበር።

«እንግዲህ ስምንተኛ ክፍል እስክትደርሽ እንዲህ አዝየሽ ልኖር ነው?» ትላታለች እናቴ እያለከለከች።

«ኧረ እምዬ፣ አንችም አብረሽኝ ትማሪያለሽ፤ ምን ከፋሽ?» ትላለች ደብሬ፤ እናቴም ሳቋ ሲመጣ ሁለቱም ጭቃ ላይ ሊወድቁ ይደርሱ ነበር።

አንድ መስከረም የመንደሩ አባቶች መክረው መንገዱን እናበጃለን አሉ። በእኛ አገር ጭቃ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ደጁም የከብቱ በረትም፣ ገለፈት ይነሰነስበታል፤ እንግዲህ በረቱን ያደረቀ መንገዱን ምን ይሳነዋል ብለው ከወረታ መፈልፈያዎች በጋሪ እያመላለሱ ከዳር እስከ ዳር አለበሱት። ቢጫ ሆኖ፣ ተደላድሎ፣ የሠርግ ቤት ጉዝጓዝ መስሎ ነበር። ደብሬም ያን ቀን አልታዘልም ብላ በምርኩዟ ሄደች፤ እናቴ ከደጅ ቆማ እልል አለች።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ስንወጣ ገለፈቱ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ መንገዱንም ቦዩንም እኩል ሸፍኗቸዋል። ምኑ መንገድ፣ ምኑ ቦይ እንደሆነ ማን ይለያል? ደብሬ ደረቅ የመሰላትን በምርኩዟ ወጋ አድርጋ ተራመደችና ቦዩ ውስጥ ገባች። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲጠፋ፣ ሞፈር ተሸክመው ሲያልፉ የነበሩ ጎረቤታችን አያ ምናለ ሞፈሩን ዘርግተው አስይዘው አወጧት፤ ምርኩዟን ግን ቦዩ ይዞት ሄደ። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ገለፈት ለብሳ ስትንቀጠቀጥ ያየ አባቴ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ።

«ትቅር።»

የቀረች ልጅ፣ ያውም እንደ ደብሬ ያለች፣ ተመልሳ ትምህርት ቤት እንደማትገባ በመንደራችን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ብቻዬን ስሄድና ስመለስ፣ ደብሬ በሩ ላይ ተቀምጣ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» እያለች ታደርቀኝ ነበር፤ እኔ ያላስተዋልሁትን ሁሉ ትጠይቀኝ ነበርና መልስ ሲጠፋኝ ታሾፍብኛለች።

ኅዳር ገብቶ ሩዙ ሲደርስ የወንፈል ጊዜ መጣ። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ያንቺን አጭዳለሁ፣ ነገ አንቺ የእኔን ታጭጃለሽ ማለት ነው፤ ያልመለሰ ሰው በመንደሩ ቀና ብሎ አይሄድም። እናቴ በዚያ ዓመት ከቤት ቤት እየዞረች፣ የሁሉንም ሩዝ ወገቧ እስኪቆረጥ አጨደች። የእኛ ተራ በደረሰ ጠዋት ሴቶቹ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ፤ እናቴም ቁርስ አቅርባ፣ ጠላውን ቀድታ ስታበቃ፣ ቆም ብላ እንዲህ አለች።

«የናንተ ብድር ለእኔ ሩዝ አይሁን። ለመንገዱ መልሱልኝ። ጥር ሲገባ ከዳገቱ ድንጋይ ትሸከሙልኛላችሁ።»

ጎረቤታችን እትዬ የሺ ጽዋቸውን አስቀምጠው እናቴን በስሟ ጠሯት። «ሩዝሽ ሲረግፍ እያየሽ? አብደሻል እንዴ፣ አንች ጥሩ?»

«እናንተስ ልጆቻችሁ በየት ነው የሚሄዱት?» አለች እናቴ፤ ሌላ አልጨመረችም።

አባቴ ይህን ሲሰማ ጋቢውን ወርውሮ ተነሣ። «ሰው በወንፈሉ ሰብሉን ይሰበስባል እንጂ ድንጋይ ይቆልላል? የአገር መሳቂያ ልታደርጊን ነው?»

«ቢቆጡ ልክ ነዎት» አለችው። «ሩዙ ለከርሞም ይበቅላል። ይች ልጅ ግን ከቀረች ቀረች።»

ሩዙን እኛው ቤተሰቦቹ አጨድነው፤ ደብሬ ሳትቀር ተቀምጣ እየተንፏቀቀች ነዶውን ታስር ነበር። አልደረስንበትም። ሌላው ማሳ ሁሉ ታጭዶ ከብቱ ለቃርሚያ ሲለቀቅ፣ የእኛ ገና ቆሞ ስለ ነበር እኩሌታው ረገፈ፣ የቀረውንም ከብት ረገጠው፤ ያን ዓመት ጎተራችን ቶሎ ጎደለ፣ አባቴም ከእናቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አይነጋገርም ነበር።

ጥር ሲገባ ሴቶቹ ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸከማሉ፣ ገሚሶቹ በአህያ ይጭናሉ፤ ባሎቻቸው ዳር ቆመው ጥቂት ሲያዩ ቆዩና፣ ዝም ብሎ ማየቱ ስላሳፈራቸው መሰለኝ፣ አካፋና ዶማ ይዘው ገቡ። ለውኃው መውረጃ ትተው፣ በቦዩም ላይ ማሻገሪያ ዘርግተው፣ መንገዱን ከፍ አደረጉት። ደብሬ አዲሱን ምርኩዟን ይዛ ትሞክረው ነበር፤ ልሙጡ ድንጋይ ምርኩዟን ሲያንሸራትተው «ይኼን የዘረጋችሁት ለፍየል ነው?» አለቻቸው፤ እትዬ የሺ እየሳቁ ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ አፈር አስመጥተው በላዩ አለበሱት፣ እሷም ደግማ ሄደችበትና «አሁን የሰው ሆነ» አለች። እኔ እንደዚያ ቀን በእኅቴ ኮርቼ አላውቅም።

አባቴ አንድ ጠዋት ባሕር ዛፍ ቆርጦ መጣ። ለማንም ሳይናገር ደብሬን ጠርቶ ቦዩ ዳር አቆማት፣ እጅሽን ዘርጊ አላትና መዳፏ ባረፈበት ቁመት እንጨቱ ላይ በገጀራ ምልክት አደረገ፤ ከዚያም በቦዩ ማሻገሪያ ግራና ቀኝ መደገፊያ ሠራላት። እናቴ ያን ዕለት ጠላውን በራሷ እጅ ቀዳችለት። እርቁ ይኸው ነበር።

ክረምቱ መጥቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን፣ መንገዱ መሐል ለመሐል እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ቀረ። መስከረም ላይ እናቴ ከልምዷ የተነሣ ማዘያ ነጠላዋን አዘጋጅታ ደጅ ቆመች፤ ደብሬ ግን መደገፊያውን ይዛ፣ ዞር ሳትል፣ አንድ ዓመት ስላመለጣት በእኔ ክፍል ልትማር ተሻገረች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ፣ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ አላወቅሁትም።

ዛሬ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለን፤ ንጣፉ በየቦታው ወልቋል፣ ሁላችንም ጉድጓዱን ዘለን እናልፋለን፣ ለማን ቁመት እንደ ተሠራም የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ለዓመት በዓል አገር ቤት ገብቼ ነበር። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ደብሬ እዚያው ወረታ የጤና ባለሙያ ሆና ትሠራለች፣ እሑድ እሑድ እናቴን ቁሐር ሚካኤል ታደርሳታለች። እንጨቱ ሲበሰብስ ስንት ጊዜ ተለውጧል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በአሮጌው እየለኩ ስለሚተክሉት ቁመቱ ያው ነው፤ እናቴ ጎብጣ ጎብጣ፣ ለልጅ መዳፍ የተለካው መደገፊያ ዛሬ ለእሷ ልክ ሆኗል። አንድ እጇን እንጨቱ ላይ፣ አንድ እጇን ደብሬ ትከሻ ላይ አድርጋ ቦዩን ስትሻገር ከኋላ ተከተልኋት።

«አይደክምሽም፣ እምዬ?» አልኋት።

ቆም ብላ ወደ መንገዱ ተመለከተች። «ምን ይደክመኛል» አለች፤ «ወንፈሉን እየመለሰልኝ እኮ ነው።»