የእማዬ ዳንቴልና የፈረንጁ ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት፣ ፒያሳ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ፣ አንዱ ኮምፒውተር ሥራ መሐል ቀጥ እያለ አስቸገረን። የሰው ማመልከቻ ግማሽ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ይደርቃል። ባለጉዳዩ ሰዓቱን ያያል፣ አብራኝ የምትሠራው ሜሮን ደግሞ እኔን ታያለች። ጠጋኙ ልጅ መጣ፣ ከፈተው፣ ነካካው፣ ከንፈሩን መጠጠና «እትዬ አስቴር፣ ይሄ ዕድሜውን ጨርሷል። ባይደክሙበት ይሻላል፤ አዲስ ይግዙ» አለኝ። ልጁ ሥራውን ያውቃል። ግን «አዲስ ይግዙ» ሲል እጄ ሳላዘው ሄዶ የማሽኑ ጎን ላይ አረፈ። ሜሮን አላስቻላትም፣ «እትዬ ደግሞ ትኩሳት ሊለኩለት ነው» ብላ ሳቀች።

ትሳቅ። ይህን ልማድ ያመጣሁት እሷ ካልተወለደችበት ዘመን ነው፤ ከተማችንን አዋሳ እንላት ከነበረበት፣ መንገዱንም ባጃጅ ሳይሆን ጋሪና ብስክሌት ከያዙት ጊዜ።

ደርግ ሊያበቃ አካባቢ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። ቤት መቀመጥ ሲባል ለሰሚው እረፍት ይመስላል እንጂ ሥራው ብዙ ነው። ጠዋት ውኃ መቅዳት፣ ከዚያ የቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ሄዶ መሰለፍ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «እስካሁን ሥራ አላገኘሽም እንዴ?» ለሚለው ሁሉ መልስ መስጠት። ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው ነበር።

አባዬ አንድ የመንግሥት እርሻ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። እዚያ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ቤቱ ይገለገልበት የነበረውን ኮምፒውተር ለአባዬ ሰጠው። «አሮጌ ነው፤ እኔ አገር ማንም ዞር ብሎ አያየውም» ብሎ ነው አሉ የሰጠው። እኛ አገር ግን ሠፈሩ በሙሉ ዞር ብሎ አየው። አባዬ በጋሪ ጭኖ ሲያመጣው ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከባድ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ጋር በገመድ የተያያዘ የፊደል መምቻ፣ ጥቁር ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያወጣ ትንሽ ስክሪን፤ በቃ ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን የአባዬ መሥሪያ ቤት የራሱን ኮምፒውተር ሊያስገባ መሆኑ ተሰማ። የሚጽፍበት አንድ ሰው ይቀጠራል፣ ፈተናውም ከፋሲካ በኋላ ነው ተባለ። አባዬ ያን ቀን ምሳውን እንኳ በወጉ አልበላም። «ታይፕ የሚችል ሞልቷል» አለኝ። «ይህን የሚችል ግን አዋሳ ውስጥ ማን አለ? አብሮት የመጣውን መጽሐፍ አንብቢና ቁጭ በይበት።» ቁጭ አልኩበት። ከእንግሊዝኛ መመሪያው ጋር ስታገል ከርሜ ደብዳቤ መጻፍ፣ የጻፉትን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ፣ መልሶ ማውጣት እንደሚቻል ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለጎረቤቶቼ የምመልሰው ነገር አገኘሁ።

እማዬ በበኩሏ ማሽኑን አለበሰችው። ቤታችን ውስጥ የከበረ ነገር ራቁቱን አይቀመጥም ነበር። ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ የሶፋው መደገፊያ ዳንቴል አለው። ኮምፒውተሩ የመጣው ደግሞ በበጋ ነው፤ ጋሪው ባለፈ ቁጥር አቧራው በመስኮት ይገባል። ሣጥኑን በስንዝር ለካች፣ ከወፍራም አቡጀዲ በልኩ ሰፋችለት፣ ከላዩ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ደረበችበት። ዲስክ የሚገባበትን ፊቱን ብቻ ከፍታ ተወችው። አምሮበት ነበር። እኔም ኮርቼበት ነበር።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ብሎ ያኔ ማን ያስባል? እጽፋለሁ፣ አንድ ገጽ ሳልሞላ ፊደሉ ባለበት ይደርቃል። ብነካው የለም። አጥፍቼ ሳበራው የጻፍኩት ሁሉ ጠፍቷል። እንደገና ስጀምር ከፊተኛው ፈጥኖ ይደርቃል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ግን ጭራሽ አይሆንም።

አባዬ ጥፋቱን በኤሌክትሪክ ላይ ጣለ። ከኋላችን ወፍጮ ቤት ነበረ፤ ሞተሩ ሲነሳ አምፖላችን ይደበዝዛል። እውነትም ያስጠረጥራል። ስለዚህ ወፍጮው በማይሠራበት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞከርኩት። ያው ነው። ዲስኮቹን በጥጥ ጠረግሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ መመሪያውን ከፊት ወደ ኋላ አነበብኩት። ያው ነው። አንዷ ጎረቤታችን ዓይን በልቶት ነው አለች። እማዬ በዓይን አታምንም፣ የጸሎት ሰው ናት፤ ግን አንድ ጠዋት ስገባ እጇን ዳንቴሉ ላይ ጭና ስትጸልይለት አገኘኋት።

ፋሲካ እየቀረበ መጣ። ፈተናው አለ፣ ማሽኑ የለም። የእማዬ ወንድም ጋሼ ማቴዎስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ይመላለሳል። አንድ ምሽት መጥቶ ከጎኑ ቆሞ አየውና «እህቴ፣ ይሄ ጡረታ የወጣ ዕቃ ነው» አላት። «አዲስ አበባ ከውጭ የተመለሰ አንድ ሰው አዲሱን ይሸጣል አሉ። እሱን ካላመጣችሁላት ልጅቷ በከንቱ ነው የምትደክመው።»

አባዬ አቀረቀረ። ከደመወዙ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ እጇ ላይ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ነበር። የአንገት ወርቋ ነው። ስትዳር እናቷ አንገቷ ላይ ያሰረችላት፣ ለሠርግና ለገና ብቻ የሚወጣ፣ ከእናቷ የቀራት አንድ ነገር።

«ማቴዎስ፣ ሰኞ ስትሄድ ይዘኸው ሂድ» አለችው።

«እማዬ ተይ፣ አይሆንም» አልኩ።

«ዝም በይ። ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራልኛል? አንቺ ከምትቀመጪ እሱ ይሂድ።»

ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ እስካሁን አላውቅም። አዲስ ማሽን ፈልጌያለሁ፣ ያንን ወርቅ ከሌላ ሰው አንገት ላይ ማየት ግን አልፈልግም ነበር።

ቅዳሜ፣ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ እማዬ የቤቱን ዳንቴል በሙሉ ሰብስባ አጠበች። የሬዲዮው፣ የሶፋው፣ የኮምፒውተሩም ልብስ ሽቦው ላይ ተሰጣ። ምሳ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የመጣ አሳ ተጠብሶ በሚጥሚጣ በላን፤ ከዚያ እጄን ታጥቤ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ልሰናበተው ያህል ነው እንጂ ተስፋ አድርጌ አይደለም። አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ። ሌላ ጻፍኩ። አባዬ ሲገባ «ዛሬ ሰላም ነው?» አለኝ። ሰላም ነበር። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አንዴም አልደረቀም። ወፍጮው ደግሞ ያን ዕለት ለበዓል እህል ሲፈጭ ነው የዋለው፤ አምፖሉ ስንት ጊዜ ደብዝዟል። ዕድል ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ዳንቴሉን ተኩሳ፣ ልብሱን መልሳ አለበሰችው። ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ገጹ ሳይሞላ ደረቀ። ያኔ ነው እጄን ከልብሱ ሥር ሰድጄ ጎኑን የነካሁት። ከምድጃ የወረደ ድስት ነው የሚመስለው። ጎኑ ላይ ረጃጅም ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ለጌጥ ይመስሉን ነበር። ለካ መተንፈሻው ናቸው፣ አቡጀዲው ደፍኗቸዋል።

አሁን ይህን ለእማዬ እንዴት ልንገራት? ያ ልብስ የስንት ማታ ሥራዋ ነው።

«እማዬ፣ ልብሱን እናውልቅለት» አልኳት።

«በዚህ አቧራ? ራቁቱን?»

«ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው የሚደርቀው። እስቲ እጅሽን ስጪኝ።»

እጇን ይዤ ከልብሱ ሥር አስገባሁት። ፈጥና ሳበችው። ለጥቂት ጊዜ ማሽኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«እኔ ነኝ እንዴ ያፈንኩት?» አለች።

አይደለም ልላት ፈልጌ ነበር። «አንቺማ አቧራ እንዳይነካው ብለሽ ነው» አልኳት። ልብሱን ራሷ አወለቀችው። በወሬ ብቻ ግን የምታምን ሴት አይደለችም። «እስኪበርድ ጠብቂና ተቀምጠሽ ጻፊ። እኔ አያለሁ» ብላ ጎመኗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ስትቀነጥስ፣ እኔ ስጽፍ፣ ጎመኑ አለቀ፣ ፊደሉ አልደረቀም። መጨረሻ ላይ ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ስምሽ ነው።»

«አይጠፋም?»

«አስቀምጬዋለሁ፤ አይጠፋም።»

ሰኞ በማለዳ ጋሼ ማቴዎስ ደጃችን ላይ ጥሩንባውን ነፋ። እማዬ በቅቤ የታሸ የቆጮ ቡርሳሜ አቀረበችለት። በላ፣ እጁን ታጠበና «በይ፣ ወርቁን አምጪው» አላት።

«ተወው፤ ማሽኑ ድኗል» አለችው።

«ማን ጠገነው?»

«ልብሱ ጠቦት ነበር» አለች፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችውም። እሱም ቡርሳሜው ስለጣመው ይመስለኛል አልጨቀጨቃትም።

ማሽኑ ግን ራቁቱን አልቀረም። እማዬ ልብሱን በመቀስ ከፍታ፣ ቀዳዳዎቹ ባሉበት ልክ ጎንና ጎኑ ላይ መስኮት አወጣችለት፤ የመስኮቶቹንም ዳር በዳንቴል ከፈፈችው። እየሠራች እጄን ይዛ ከመስኮቱ ታስገባና «አሁንስ ይተነፍሳል?» ትለኝ ነበር። ይተነፍሳል። እስከ ፈተናው ድረስ ተነፈሰ።

በፈተናው ቀን ተራዬ ደርሶ ስገባ፣ የመሥሪያ ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ከነላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ብቻ ተቀድዶ ቀሪው እንደተጠቀለለ ነው፤ አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ሲላጥ የሚያልቅ ይመስል። ከመቀመጤ በፊት ሙሉ ላስቲኩን ገፈፍኩት። ፈታኙ ደነገጠ።

«ምነው ልጄ፣ አዲስ ዕቃ እኮ ነው።»

«አየር ይፈልጋል» አልኩ።

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። እማዬን ውጭ አገር የተማረች ምሁር አድርጎ ሳይገምታት አልቀረም። ተቀጠርኩ፣ እንጀራዬም እስከ ዛሬ ከዚያ ጠረጴዛ አልራቀም።

የሰሞኑ ማሽን ነገርስ ብትሉ፣ ጠጋኙ ልክ ነበር። እጄን ባሳርፍበት ጎኑ ቀዝቃዛ ነው፤ መተንፈሻውም ክፍት ነው። አልተከራከርኩም፣ አዲስ ገዛሁ። አሮጌ ሁሉ ይድናል ብዬ አላውቅም፤ ከመጣሌ በፊት ግን ምናልባት ያፈንኩት እኔ እሆን ብዬ አያለሁ። ሜሮን የአዲሱን ላስቲክ አቧራ እንዳይነካው ብላ ትተወው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኳት።

ወርቁን እማዬ ልትሞት ሰሞን በገዛ እጇ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። እኔም ልጄን ስድር ሰጠኋት፤ እሷ ላይ ነው የሚያምረው። ዳንቴሉ ግን እኔ ዘንድ አለ። ከእንግዲህ የሚለብሰው ማሽን የለም። ስትናፍቀኝ አውጥቼ እጄን በመስኮቱ አስገባለሁ፤ እማዬ እስካሁን «አሁንስ ይተነፍሳል?» ትለኛለች።