የማሲና የስንብት አሳማ

ሐኪሙ ማሲናን «ጉልበትሽ ላይ ቢላ ከማሳረፌ በፊት አሥር ኪሎ ቀንሺ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሾርባ ብቻ» አላት። እስከዚያ ያማራትን ትብላ ወይስ ከወዲሁ ትጨክን? ጨነቃት። ሳሞአ ውስጥ ደግሞ ዘመድ ሳይመክር እንዲህ ያለ ነገር አይወሰንም፤ ዘመድም በባዶ ሆዱ አይመክርም። ስለዚህ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሳማ ታረደ፤ ጎደሬው በኮኮናት ወተት በሰለ፤ ሠላሳ ሰው ምንጣፍ ላይ ተኮለኮለ።

አጥንቱ ተግጦ ሲያልቅ የቤተሰቡ አለቃ፣ አጎቷ ኡሉፋሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘመድ መክሯል። የስንብት ድግስ ብሎ ነገር የለም! ከዛሬ ጀምረሽ ጨክኚ!»

ማሲና ሦስተኛ ሳህኗን አስቀምጣ ጣቷን ላሰች።

«እሺ ጋሼ። ይግባኝ ግን ይቻላል?»

«መብትሽ ነው» አሉና ወደ በረቱ ጮኹ፤ «ሌላ አሳማ ያዙ!»