በግማሽ ሰው የሚሄደው አውቶቡስ

የአውቶቡስ ሾፌር ናት፤ መሪ ከጨበጠች ብዙ ዘመኗ ነው። ተሳፋሪዎቿ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ «እታለም» ይሏታል። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሩ ጫፍ ተነስታ ሠራተኛውን ፋብሪካው ደጃፍ የምታደርሰው እሷ ናት። ድሮ በእሷ አውቶቡስ ተጋፍቶ መሄድ ብርቅ አልነበረም፤ አንዱ የአንዱን እግር ረግጦ ይቅርታ ሲጠይቅ ሦስተኛው ይስቅ ነበር።

ወረርሽኙ ሲመጣ አውቶቡስ ከሚይዘው ሰው ግማሹን ብቻ ይጫን የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሾፌሯ ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። ባሏ አንድ ሳንባው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ደረጃ ሲወጣ እንኳ መሃል ላይ አረፍ የሚል ሰው ነው። ቤት ስትገባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ልብሷን ቀይራ፣ እጇን እስኪሻክር ታጥባ ነበር የምትጠጋው። እሱም ወደ ባልሽ ሳይሆን ወደ ፈንጂ የምትጠጊ ትመስያለሽ እያለ ያስቃት ነበር።

ታናሽ እህቷ ግን ትእዛዙ አልተዋጠላትም። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እየሠራች ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ፋብሪካው ያረፈደን ከበር ይመልሳል፤ ደጋግሞ ያረፈደን ያሰናብታል። አውቶቡሱ ግማሽ ሰው ጭኖ ሲሄድ የተቀረው ፌርማታ ላይ ይቀራል። ከሚቀሩት አንዷ ደግሞ እሷ ነበረች።

በየቀኑ ጭቅጭቅ ሆነ። ደጅ ያለው ይኸው ባዶ ወንበር፣ ምን ቸገራችሁ ይላል። ውስጥ የተቀመጠው ዝጊው እንጂ፣ ልታስጨርሺን ነው እንዴ ይላል። ሾፌሯን የገረማት፣ ትናንት ደጅ ቆሞ ሲለምናት የነበረ ሰውዬ ዛሬ ወንበር ሲያገኝ ከሁሉም በላይ ዝጊው ባይ መሆኑ ነው።

አንድ ጠዋት የተፈቀደው ቦታ ሞልቶ በሩን ልትዘጋ ስትል እህቷ እየሮጠች ደረሰች። ማስኳ አገጯ ላይ ወርዷል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አንድ ሰው ነኝ፤ ቆሜ እሄዳለሁ» አለቻት።

ሾፌሯ መሪውን እንደጨበጠች በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች። ከኋላዋ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። ለእህቷ ከከፈተች ለሌላው ምን ብላ ትዘጋለች? በሩን ዘጋችው። እህቷ እየራቀች፣ እያነሰች ስትሄድ በስፖኪዮ አየቻት።

ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላም አላየቻት። ፋብሪካው ከበር መልሷት፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ሰጥቷት ነበር።

«አንቺ በሽታው ባሌን ያሳጣኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ፤ እውነትሽን ነው» አለች በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ ሥራዬን ካጣሁ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው ብዬ እፈራለሁ። የኔ ፍርሃት ፍርሃት አይደለም?»

«ነው» አለች ሾፌሯ፤ ጎንበስ ብላም የታጠበውን ልብስ ትጨምቅ ጀመር።

የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ፌርማታው ላይ ሄዳ ከእህቷ ጋር ቆመች። ከመሪው ጀርባ ሆና አይታው የማታውቀውን ያየችው ያኔ ነው። ውስጥ ያሉት ተራርቀው እንዲቀመጡ ሲባል፣ ውጭ የቀሩት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው አንዱ አንዱ ማጅራት ላይ ያስላል። ግፊያው አልጠፋም፤ ከአውቶቡሱ ወርዶ ፌርማታው ላይ ቆሟል። የፋብሪካው መግቢያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን አውቶቡሶቹ ባዷቸውን ይመላለሳሉ።

በማግስቱ አውቶቡሶቹን ወደሚያሰማራው ስምሪት ኃላፊ ቢሮ ገባች። ሰውዬው እናቱን በዚሁ በሽታ የቀበረው በቅርቡ ነው። ገና አፏን ስትከፍት ትእዛዙ ይነሳ ልትል የመጣች መስሎት ፊቱ ጠቆረ።

«ትእዛዙስ ባለበት ይቆይ» አለችው። «መቀየር ያለበት ሰዉ ሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው።»

ኃላፊው ወንበሩን ስቦ አስቀመጣት። አውቶቡሶቹን እንደ ሰዓቱ ማሰማራት እንደሚችል፣ ፋብሪካው ግን የእሱ እንዳልሆነ ነገራት። የፋብሪካውን ጉዳይ እህቷ ተረከበች። በምሳ ሰዓት ልብስ ሰፊዎቹን ሰብስባ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። ሰውዬው መጀመሪያ በጄ አላለም። ሴቶቹ ግን ከበር በተመለሱት ሰዎች ምክንያት ጠዋት ጠዋት ስንት የስፌት መኪና ባዶውን እንደሚውል ወስደው አሳዩት። ራሱን እያከከ፣ ሠራተኛው ለሁለት ተከፍሎ በተለያየ ሰዓት ይግባ፣ እስቲ ይሞከር አለ።

አዲሱ ሰዓት በጀመረበት ጠዋት ሾፌሯ ፌርማታው ላይ ስትደርስ ሰዉ ተራርቆ ቆሟል። ሁሉም ገባ፤ ሁሉም ተቀመጠ። በሩን ዘግታ በስፖኪዮ ስታይ መንገዱ ባዶ ነው፤ የቀረ የለም፣ የሚሮጥም የለም። አንድ ሽማግሌ የጥበቃ ሠራተኛ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላው ተከተለው። ከፊት የተቀመጠችው እህቷ እንባዋን በማስኳ ጠረገች። ሾፌሯ በሕይወቷ ያለ ምክንያት ክላክስ ነክታ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን እስከ ማዞሪያው ድረስ ለቀቀችው።

ሁለቱ እህትማማቾች አሁንም አይስማሙም። ታናሽየዋ ማስኩ ያፍነኛል ትላለች፤ ታላቅየዋ ከፍ አድርጊው ትላለች። ግን ስምሪት ኃላፊው ነገሩን ለሌሎቹ መስመሮች ሾፌሮች እንድታስረዳ ሲጠራት፣ እህቷን ይዛት ሄደች። በአውቶቡሶቹ ግቢ ውስጥ፣ ተራርቀው በቆሙት ሾፌሮች ፊት፣ ያ ሁሉ ጥያቄ ሲዘንብ መልስ ስትሰጥ የነበረችው ታናሽየዋ ነበረች። ታላቅየዋ አጠገቧ ቆማ፣ ጉንጯ ከማስኩ ጎን እስኪታይ ድረስ ትስቅ ነበር።