ሁለት ጊዜ የተደረደረው ሰልፍ

ኮምፒውተር ክፉ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እከራከራለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። «ኮምፒውተሩ ነው ያለው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ግን ንዴቴ ከከተማችን ከታቦር ተራራ በላይ ይወጣል።

ነገሩ የአማቴ ዓይን ነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው እኔን በድምፄ ብቻ መለየት ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔ በበኩሌ አልተጎዳሁበትም። «ልጄ፣ ተጎሳቆልክ እንዴ?» ሲሉኝ «ኧረ እማዬ፣ እንደ ሠርጌ ቀን ነኝ! ፀጉሬ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ይበቃል» እላቸው ነበር። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

ታዲያ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ክሊኒክ የዓይን ሐኪሞች ቡድን ለነፃ ቀዶ ሕክምና መጣ ተባለና አስመዘገብናቸው። ነርሷ ዓይናቸውን አይታ ደረጃ ሦስት ሰጠቻቸው። ሦስት ማለት ሁለቱም ዓይኑ የማያይ፣ አንድ ማለት ቢቆይም የማይጎዳ ነው። ቡድኑ ዓርብ ማታ ይሄዳል። እስከዚያ ተራ ያልደረሰው ሰው እንደገና መቼ እንደሚደርሰው የሚያውቅ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። ተሰልፎ የነበረው ሕዝብ ምርኩዛቸውን ሲያይ ለሁለት ተከፈለ። «እናታችን ይለፉ! ኧረ መንገድ ልቀቁ!» እየተባለ እጅ ለእጅ በሩ ድረስ አደረሷቸው። ጥበቃው ግን ክንዱን እንደ አጥር ዘረጋ።

«በተለጠፈው ተራ ነው የሚገባው።»

«ወንድሜ፣ አያዩም እኮ!»

«ምን ላድርግ፣ ኮምፒውተሩ ነው ያለው።»

የተለጠፈውን አየሁ። አንደኛ የተጻፈው በሩ ጥግ ቆሞ በስልኩ የሚስቅ ጎረምሳ ነው። ዓይኑ ጠርዝ ላይ የበቀለች ትንሽ ሥጋ ሊያስቆርጥ ነው የመጣው፤ እንጂ ከከተማችን ሐይቅ ማዶ ወፍ ብትጠቅሰው የሚያይ ልጅ ነው! ደረጃው አንድ። አማቴ ደግሞ ከመጨረሻው ሁለተኛ። ከላይ ወደ ታች ሳነበው ገባኝ። ሕመምተኛው የተሰለፈው በሕመሙ ሳይሆን በሀ ሁ ነበር። የአማቴ ስም በፀ ይጀምራል። አባታቸው ይሄን ቢያውቁ ኖሮ በሀ የሚጀምር ስም ያወጡላቸው ነበር።

እንደ ማዕበል ወደ ቢሮው ገባሁ። ተራውን የሚያወጣውን ፕሮግራም የሠራው ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩት ልጅ ሆኖ ተገኘ።

«ቲቸር! እዚህ ምን እግር ጣለዎት?»

«ንዴት። ኮዱን ክፈተው።»

ከፈተው። «ኦርደርባይ» የሚለውን የመደርደሪያ ትእዛዝ ጽፎ በደረጃ ደርድሯል። ከሥሩ እንደገና «ኦርደርባይ» ብሎ በስም ደርድሯል።

«በሁለቱም ደርድሬያለሁ እኮ፣ ቲቸር።»

«አልደረደርክም! የመጀመሪያውን ሰልፍ በትነህ ሌላ ሰልፍ ነው የሠራኸው። ሁለተኛው ‹ዜንባይ› መሆን ነበረበት። እሱ የፊተኛውን ሰልፍ አያፈርስም፤ ደረጃቸው እኩል የሆኑትን ብቻ እርስ በርስ ያሰልፋል። ይሄን ስንት ጊዜ ነው ሰሌዳ ላይ የጻፍኩልህ?»

«ሰው ስሙን ቶሎ አንብቦ እንዲያገኘው ብዬ ነው...»

«ዓይነ ስውሩ? ቶሎ አንብቦ?»

አስተካክሎ አተመ። ወረቀቱን ብቀበለው አሁንም አንደኛ ያ ጎረምሳ!

«ይሄ ልጅ ዘመድህ ነው?»

«በጌታ! አላውቀውም ቲቸር!»

«ዜንባይ» ገብቷል፤ ግን ደረጃው ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው የተደረደረው፤ አንዶቹ ከላይ፣ ሦስቶቹ ከታች። «ገልብጠው! ‹ዲሴንዲንግ› የምትባለውን ቃል ለጌጥ ነው እንዴ ያስተማርኩህ?» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

በመጨረሻ ሦስቶቹ ከላይ ሆኑ። አማቴ በፀ ምክንያት ከሦስቶቹ ጭራ አካባቢ ናቸው፤ ቢሆንም ከምሳ በኋላ ይደርሳቸዋል። አዲሱን ወረቀት እንደ ባንዲራ ይዤ ወጣሁና በገዛ እጄ ለጠፍኩት።

ከምሳ በኋላ ነርሷ የአማቴን ስም ጠራች። እሳቸው ግን አልተነሱም። አጠገባቸው ወደተቀመጡት፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ወደተጻፉት ሽማግሌ ዞሩ።

«አባባ ይቅደሙ። ከሩቅ ነው የመጡት፣ መኪና ያመልጣቸዋል።»

«እማዬ! ለዚህች ተራ እኮ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ! ሐኪሞቹ ደግሞ ሊሄዱ ነው!»

«ጉሮሮህ ይድናል።»

ጥበቃው ጣልቃ ገባ። «እማማ፣ በኮምፒውተሩ ተራ እኮ እርስዎ...»

«አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋ ቦታዋን ለቀቀች ብለህ ንገረው። ካኮረፈ እኔን ይጠይቀኝ።»

ሽማግሌው መርቀዋቸው ገቡ። እኔ ከዚያ በኋላ ሰዓቴን ሳይ፣ በሩን ሳይ፣ ሰዓቴን ሳይ አንድ ክረምት የሚያህል ጊዜ ያለፈ መሰለኝ። አንዱ ሐኪም ጓንቱን አውልቆ ሲወጣ ባየሁ ጊዜ «አለቀልን!» ብዬ ተነሳሁ። እሱ ግን ውሃ ሊጠጣ ነበር። ጠጥቶ ተመለሰና አማቴ ተጠሩ።

በማግሥቱ የክሊኒኩ ነርስ የአንዱን ዓይናቸውን ፋሻ ፈታች። ብርሃኑ አጥበረበራቸውና ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ፤ ከዚያ መስኮቱን አዩ፣ የነርሷን ጉትቻ አደነቁ። እኔ በኩራት ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ታየሁዎት?»

ከጫማዬ ጀምረው ወደ ላይ መረመሩኝ። ቦርጬ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ራሴ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን እንደገና በእጃቸው ከለሉ። ከዚያ በሙሉ አክብሮት፣

«አባቱ ነዎት?» አሉኝ። «ፀጉራሙ ልጅዎ የት ሄደ?»